ስድስት ክዳን

ስድስቱም ወይንጠጅ ሆኑ። ይሄ አምስተኛ ጊዜ ነው።

በክሎሮፎርም ያሟሟሁት ወይንጠጅ፣ በቶሉዊን ያሟሟሁት ወይንጠጅ፣ በክሎሮቤንዚን ያሟሟሁትም ወይንጠጅ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ቁራጭ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው የአንድ እናት ልጆች መስለው ያዩኛል። አንዱን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ ሌላውን አየሁት፤ መልሼ የመጀመሪያውን አየሁት። ልዩነት የለም። ልዩነት ከሌለ ደግሞ ቴሲስ የለም።

ብሩክታይት ቦልቴ እባላለሁ። የበዴሳ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ፊዚክስ ሳስተምር ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ወረዳው የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ሰጥቶ ማስተርሴን እንድሠራ ሶዶ ላከኝ። ፈቃዱ የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ 2006 ነው። በዴሳ መሰናዶ ሊከፈት ነው፤ እዚያ ለማስተማር ማስተርስ ግድ ነው። ይዤ ከተመለስኩ ቦታው የኔ ነው፤ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ቦታው ለሌላ ይሰጥና እኔ ለዘጠነኛ ክፍል የኒውተንን ሕግ ስደግም እኖራለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን አልንቅም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሽሮ እየበላሁ የተማርኩት እዚያው ለመመለስ አልነበረም።

የቴሲሴ ርዕስ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ሴሚኮንዳክተር የሚሉት ዓይነት ፕላስቲክ አለ። ሲያዩት የተቃጠለ ድስት ላይ የተፋቀ ነገር ይመስላል። በፈሳሽ ታሟሙታለህ፣ መስታወት ላይ ታንጠባጥበዋለህ፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ስስ ቅብ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ፈሳሹ ቶሎ ተንኖ ካለቀ የፕላስቲኩ ክሮች እንደተጠላለፉ ይደርቃሉ፤ ቅቡ ወደ ብርቱካን ያደላል። ፈሳሹ ቀስ ብሎ ከተነነ ግን ክሮቹ ጎን ለጎን ለመደርደር ጊዜ ያገኛሉ፤ ያኔ የሚመጥጡት ብርሃን ወደ ቀዩ ይሰፋል፣ ቅቡም ወይንጠጅ ይሆናል። ክሎሮፎርም ችኩል ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ የለም። ክሎሮቤንዚን ዝግተኛ ነው። ቶሉዊን መሃል ላይ ነው። ስለዚህ የክሎሮፎርሙ ወደ ብርቱካን፣ የክሎሮቤንዚኑ ወይንጠጅ መሆን አለበት። ይህን ያወቅኩት እኔ አይደለሁም፤ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። የኔ ሥራ ሶዶ ላይ፣ በኛ መለኪያ፣ ይሄን ያህል ነው ብሎ ማሳየት ብቻ ነበር። እሱንም አቃተኝ።

አማካሪዬ ዶክተር ክብረት የዲፓርትመንቱም ኃላፊ ነው። ፕላስቲኩን ለስብሰባ ውጭ ሀገር ሄዶ ሲመለስ ከወዳጆቹ ለምኖ ያመጣልኝ እሱ ነው። ሃምሳ ሚሊግራም። በሁለት ጣት ቆንጥረህ የምታነሳው ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ስድስት ሚሊግራም ይበላል። አምስተኛው ሙከራ ሲያልቅ ሃያ ሚሊግራም ቀረኝ።

"መለኪያው ይሆናል" አለ ዶክተሩ ግራፉን አይቶ። መለኪያውን በሌላ ነገር ፈተሽነው፤ ደህና ነው።

"ሚዛኑ ይሆናል።" ሚዛኑም ደህና ነው።

"እንግዲህ የምትሠሪበትን መንገድ እይ" አለና ወደ ስብሰባው ሄደ። በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ወደ ስብሰባ ነበር የሚሄደው።

የምሠራበትን መንገድ አየሁ። የላቦራቶሪው ጋዝ መምጠጫ ሞተሩ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል፤ ጥያቄ ጽፈናል፣ ጨረታ ላይ ነው ተብለናል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነበር፦ መስኮት ትከፍታለህ፣ ታንጠባጥባለህ፣ ጠብታው እንዳረፈ ትወጣለህ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትመለሳለህ። የክሎሮፎርም ሽታ ለኔ ራስ ምታት ነው። የመጨረሻዋ ጠብታ እንዳረፈች ሮጬ እወጣለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሶዶን ተራራ እያየሁ አንድ ሰዓት እቆጥራለሁ። ስመለስ ስድስቱም ደርቀው፣ ስድስቱም ወይንጠጅ።

ክፍሉ ውስጥ የሚቀር አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ ኤርካሎ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነው። ልጅ ሳለ ዱቦ ሚሲዮን ዘንድ የመስታወት ዕቃ ማጠብ ተምሮ፣ በዚያው በዕቃ ላይ ያረጀ፣ አምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው። በሩ አጠገብ ባለች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝማሬ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ዕቃ ስትወስድ አያስፈርምም፤ "ትመልሻለሽ አይደል?" ብቻ ይላል። ከሌላው ሰው ጋር በአማርኛ ነው የሚያወራው፤ ከኔ ጋር በወላይትኛ። በአማርኛው ወንድና ሴት ይምታቱበታል፤ በወላይትኛው ግን ጨዋታ ያውቃል። "ልጄ ሆይ፣ ይህቺ ቀለምሽ መቼ ነው የምትበስለው?" እያለ ይቀልድብኛል። እኔም እስቅ ነበር።

ከአምስተኛው ሙከራ በኋላ መሳቅ አቆምኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚያየው ቅርቡን ነው፤ ቅርቤ የነበረው ጋሽ ኤርካሎ ነው። ትልልቆቹን ጠርሙሶች ወደ ትናንሽ ቡናማ ጠርሙሶች የሚገለብጠው እሱ ነው፤ "ትልቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ይተናል" ይላል። ክሎሮፎርም ውስጥ ትንሽ ክሎሮቤንዚን ብትገባ፣ ያ ዝግተኛ ፈሳሽ ችኩሉን ይዞ ያዘገየዋል፤ ቅቡ ወይንጠጅ ይሆናል። ይህንን አንድ ጽሑፍ ላይ አነበብኩና ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ጠርሙስ ሳጥብ አደርኩ። ትናንሾቹን ጠርሙሶች በደንብ አያደርቃቸውም ይሆናል። አንዱን ከአንዱ ጋር ይቀላቅል ይሆናል። ሸጦ ጎደሎውን በሌላ ሞልቶት ይሆናል። ጠዋት "ይሆናል" የሚለው ቃል ከሐሳቤ ውስጥ ወጥቶ ነበር።

ሄጄ ብጠይቀው ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር። አልጠየቅኩም። በትልቅ ሰው ፊት ቆሜ "ጠርሙሱን ምን አደረጉት?" ማለት አፈርኩ። እሱን ያፈርኩ ሴት የሠራሁትን ደግሞ ስሙ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ግምገማ ተጠራ። መምህራኑ፣ ሠራተኞቹና የማስተርስ ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስት ተደራጅተን አዳራሽ ገባን። እያንዳንዱ ቡድን ሥራ የሚያደናቅፈውን ችግርና የችግሩን ባለቤት በስም ማቅረብ አለበት። የቡድናችን ቅጽ ላይ የባለቤቱ ዓምድ ባዶ ነበር፤ መድረክ መሪው ቅጹን ከፍ አድርጎ "ይህ ቡድን ተቻችሎ መጥቷል" አለ። ተሳቀ። እኔ ያን ቀን ጠዋት ስድስቱን መስታወቶች ዳግም ለክቼ፣ ዳግም ያው ሆነውብኝ ነው የመጣሁት። እጄን አወጣሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን እየታወቀኝ ነበር። "ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውና ውስጣቸው ያለው አንድ አይደለም" አልኩ። "አምስት ወር ሥራዬ ተበላሽቷል። ኬሚካል የሚገለብጡት አቶ ኤርካሎ ናቸው።" በአማርኛ፣ ጥርት አድርጌ፣ እንደ አስተማሪ።

ጋሽ ኤርካሎን ራስህን ገምግም አሉት። ከኋላ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። "እኔ ሥራዋን ስጠብቅለት ነበር" አለ። እንዴት ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ቃለ ጉባኤ ያዡ "ችግሩን አልተቀበለም" ብሎ ጻፈ።

በሳምንቱ ጋሽ ኤርካሎ ከላቦራቶሪው ተነስቶ ታች በር አጠገብ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። በሱ ቦታ ሳሚ የሚባል አዲስ ምሩቅ መጣ። ሳሚ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል፤ የክሎሮፎርም ሽታ ሲጀምር ከኔ ቀድሞ ይወጣል።

እና፣ ጉድ በሉ፣ ስድስተኛው ሙከራ ሠራ።

ከሰዓቱ በኋላ በሩን ስከፍት የክሎሮፎርሞቹ ሁለቱ ብርቱካን ሆነው ተቀምጠዋል። ቶሉዊኖቹ በመጠኑ ቀልተዋል። ክሎሮቤንዚኖቹ ወይንጠጅ። መለኪያው ላይ አስገባኋቸው፤ ስድስት መቶ ናኖሜትር አካባቢ፣ ክሮቹ ሲደረደሩ ግራፉ የሚያወጣት ትከሻ በክሎሮፎርሞቹ ላይ ሟሽሻ፣ በክሎሮቤንዚኖቹ ላይ ተነስታ፣ ልክ መጻሕፍቱ እንዳሉት። ደገምኩት፤ ያው። ሠለስኩት፤ ያው። ደስታዬ ግን ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። አምስት ወራቴን በልቶ አሁን ከሄደ በኋላ! ለዶክተር ክብረት ግራፉን ሳሳየው "አየሽ፣ ግምገማ አንዳንዴ ይጠቅማል" አለ።

ሃያ ቀን ተቀምጬ ጻፍኩ። ምዕራፍ አራት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙከራዎች በማሟሚያ ፈሳሾች መበከል ምክንያት ተጥለዋል። አሳተምኩ፣ አስጠረዝኩ። ዲፌንሱ ዓርብ ሰኔ ሃያ ተባለ፤ ፈታኙ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ከዚያ በፊት የወሰድኩትን ዕቃ መመለሴን የሚያሳይ ክሊራንስ ማስፈረም ነበረብኝ። ቤተ መጻሕፍት ፈረመ፣ ላቦራቶሪ ፈረመ። ረቡዕ ዕለት አንድ ፊርማ ብቻ ቀረኝ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት።

ዝናብ ነበር። ጋሽ ኤርካሎ ከወረቀት ክምር ኋላ፣ ያቺኑ ወንበሩን ይዟት መጥቶ ተቀምጧል። ሊያንገላታኝ ነው ብዬ እያሰብኩ ገባሁ። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ብዕሩን ፈልጎ አገኘ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ተነፈሰበትና መታ። እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ያለኝ መሰለኝ። ልወጣ ስል በወላይትኛ ጠራኝ።

"ልጄ፣ አሁን ማን ይከድንልሻል? ያ ልጅ ይከድናል?"

"ምኑን?"

"ቀለምሽን። መስታወቶቹን።"

ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። ቆምኩ። እሱም እንዳልገባኝ ሲያይ ገረመው። ከተቀመጠበት ተነስቶ መሳቢያ ከፈተ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ስድስት የፔትሪ ዲሽ ክዳኖች ናቸው፤ ክብ፣ የመስታወት፣ እንደ ትንሽ ሳህን። ከላቦራቶሪው ሲነሳ ጠርዛቸው የተሸራረፈ ነው ተብለው ሊጣሉ ሲሉ ይዟቸው መጥቷል።

"አንቺ አንጠባጥበሽ ስትወጪ እኔ ቶሎ እነዚህን እደፋባቸው ነበር" አለ። "መስኮቱ ክፍት ነው፤ መንገዱ ተቆፍሯል፤ አቧራው ይገባል። ደግሞ ርጥብ ነገር ገልጠው አይተውትም። ሲደርቅ አነሳዋለሁ፤ የደረቀ ነገር ክዳን ምን ያደርግለታል? አጥቤ መልሼ አስቀምጣለሁ።"

እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ። ፈሳሹ ተከድኖ ትነቱ የት ይሄዳል? ክዳኑ ስር ይቀራል። ችኩሉ ክሎሮፎርም በግዱ ዝግተኛ ይሆናል። ክሮቹ ጊዜ ያገኛሉ፣ ይደረደራሉ። ቅቡ ወይንጠጅ ይሆናል። ጠርሙሶቹ ንጹሕ ነበሩ። አምስቱም ሙከራ ትክክል ነበር፤ የለካሁት ግን ለካሁ ያልኩትን አልነበረም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን ልንገርሽ? የሰው ዕቃ የከደነ ሰው ከደንኩልሽ ብሎ ይናገራል?"

እኔም ወላይታ ነኝ። እናቴ ቤት ቅቤ ቢሆን፣ ዳጣ ቢሆን፣ ለነገ የተቦካ ነገር ቢሆን የኮባ ቅጠል ሳይለብስ አያድርም። ጎረቤት ገብታ ክፍት ካገኘች ትከድናለች፤ ከደንኩ ብላ አትናገርም፤ ብትናገር ባለቤቲቱን ዝርክርክ አለቻት ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ላቦራቶሪ በር ላይ ስደርስ እንደ ጃንጥላ ደጅ አስደግፌው ገብቼ ኖሯል።

ነገርኩት። ክዳኑ ምን እንዳደረገ፣ እኔ ምን እንደመሰለኝ፣ ለምን እጄን እንዳወጣሁ። ሳልደብቅ ነው የነገርኩት፤ ለመናዘዝ የቸኮለ ሰው የሚሰማውን ፊት አያይም። ጋሽ ኤርካሎ እስካሁን፣ ግምገማ ነው፣ ሰው አንድ ነገር መናገር ግዴታው ነው፣ የሷም አፍ እኔ ላይ አረፈ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሌባ መስሎኝ እንደነበር አያውቅም። አሁን አወቀ።

ክዳኖቹን መልሶ በጨርቁ ጠቀለለ።

"በወላይትኛ ሳወራሽ ኖሬ፣ በአማርኛ ከሰስሽኝ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር በወላይትኛ አላወራም።

በዚያው ዝናብ ዶክተር ክብረት ቢሮ ሄድኩ። ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የተጠረዘውን ቴሲሴን አንስቶ በእጁ መዘነው።

"ግራፎችሽ ትክክል ናቸው?"

"የመጨረሻዎቹ ሦስት ሙከራዎች ትክክል ናቸው።"

"ስለዚህ ዓርብ እነሱን ታቀርቢያለሽ። የመጀመሪያዎቹ ተጥለዋል። ስለ ተጣለ ነገር ማን ይጠይቅሻል?"

"ተበክለው ነው ብዬ ጽፌያለሁ እኮ። አልተበከሉም። ሰውየው የተነሳው በዚያ ነው።"

"ብሩክታይት፣ የሰውየውን ጉዳይ ቀስ ብለን እናየዋለን። አንቺ ዘንድሮ ካልጨረስሽ ፈቃድሽ አለቀ። ዝም ብለሽ ተመረቂ።"

መክሮኛል፤ ለኔ አስቦ ነው። እኔም ልሰማው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ወደ ክፍሌ ስወርድ መንገዱን ሙሉ "ዝም ብለሽ ተመረቂ፣ ዝም ብለሽ ተመረቂ" እያልኩ ነው የወረድኩት።

ሐሙስ ዕለት ግን እግሬ ላቦራቶሪ ወሰደኝ። የቀረኝ ፕላስቲክ ሁለት ሚሊግራም ነው። ሁሉንም በክሎሮፎርም አሟሟሁት። ሁለት መስታወት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ መርፌ፣ እኩል እኩል አንጠባጠብኩ። አንዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ደፋሁበት፤ ሌላውን ገልጬ ተውኩት። ያን ቀን አልወጣሁም። ሻርፔን አፌ ላይ አስሬ ቆሜ አየሁ። የተገለጠው ደቂቃ ሳይሞላ ብርቱካን ሆኖ ደረቀ። ብርጭቆው ስር ያለው ግን ለረጅም ጊዜ ርጥብ ሆኖ ቆየና ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያለ ጠቆረ፤ ወይንጠጅ ሆነ። እንደዚያ ሲሆን ዓይኔ ሲያይ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ኤርካሎ አምስት ጊዜ አይቶታል።

ዓርብ፣ ፈታኙ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሁለቱን የሐሙስ መስታወቶች በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ፤ ላወጣቸው ወይስ ላላወጣቸው አላውቅም። ግራፎቼን አቀረብኩ፤ ጥሩ ነው አለ። ዶክተር ክብረት ፈገግ አለልኝ። ከዚያ ፈታኙ ምዕራፍ አራትን ገለጠ፤ ሰው የማይጠይቀውን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

"አምስት ሙከራ ጥለሻል። ተበክለው ነው ትያለሽ። በምን ተበከሉ? ፈትሸሻል?"

አዎ ብል ያልፋል። ተጠርጣሪው ተነስቷል፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ከተነሳ በኋላ ውጤቱ ተስተካክሏል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያምር ከየት ይመጣል? ዶክተር ክብረት ጠረጴዛውን ያያል።

"አልተበከሉም" አልኩ። "ተከድነው ነው።"

መስታወቶቹን አወጣሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ክዳኑን፣ ግምገማውን፣ የሰውየውን ስም። ፈታኙ ሁለቱን መስታወቶች ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲቀመጥ "ከሌላው ሁሉ ይህ ይሻላል" አለ። ለአፍታ የተረፍኩ መሰለኝ። "ግን አንድ ጥንድ መስታወት ውጤት አይባልም። በሦስቱም ፈሳሽ፣ ተከድኖና ተገልጦ፣ ጊዜው ተለክቶ ይደገም። የተጻፈውም ይስተካከል። እስከዚያ ውጤቱ አይሞላም።"

ፕላስቲኩ አልቋል ብዬ ነገርኩት። አዝናለሁ አለ። በእውነትም ያዘነ ይመስለኛል፤ የሱ ማዘን ግን በዴሳ መሰናዶ አያስገባም።

ሐምሌ አንድ ቀን በዴሳ ተመለስኩ። የመሰናዶውን ቦታ ከሌላ ወረዳ የመጣ ልጅ ያዘው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፣ የኒውተንን ሕግ ጀመርኩ። ከመሄዴ በፊት ቃለ ጉባኤው ይታረም ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ "በግምገማ የተያዘ በግምገማ ነው የሚታረም፣ በሚቀጥለው ይቅረብ" አሉኝ። የሚቀጥለው ግምገማ ሲጠራ እኔ ተማሪ አይደለሁምና አዳራሹ አያስገባኝም። ሁለት ጊዜ ሄጄ በር ላይ ተመለስኩ። ለመክሰስ አንድ እጅ ማውጣት በቃኝ፤ ለመመለስ ግን ሁለቱም እጆቼ አልበቁም። ጋሽ ኤርካሎ እዚያው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው።

በታኅሣሥ ዶክተር ክብረት ደወለ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አሥራ ሁለት ሚሊግራም ፕላስቲክ አግኝቶልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከበዴሳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሶዶ ወረድኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ ሳሚን ክዳን ጠየቅኩት፤ የለም አለ። የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ጋሽ ኤርካሎ ወንበሩ ላይ ነው። በወላይትኛ ሰላም አልኩት። በአማርኛ መለሰልኝ።

"ምን ነበር ወይዘሪት ብሩክታይት?"

"ክዳኖቹን ፈልጌ ነበር፣ ጋሼ። ስድስቱን። ማታ እመልሳለሁ።"

ጨርቁን አውጥቶ ፈታ። ክዳኖቹ እንደታጠቡ ናቸው፤ አንድ የጣት አሻራ የለባቸውም። አንስቼ ልሄድ ስል እጁን በላያቸው ላይ አደረገ። መዝገብ አወጣ፣ ገለጠ፣ ወደኔ አዞረው። አንድ ሁለት ብሎ ቁጥር ጽፎባቸዋል፤ ስድስት መስመር።

"ፈርሚ።"

"ስድስቱንም በአንድ ፊርማ አይሆንም?"

"አይሆንም። እያንዳንዱ ለብቻው ነው።"

ፈረምኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ቆመብኝ፤ የራሱን ሰጠኝ። ስድስተኛውን ስጨርስ መዝገቡን መልሶ ወደ ራሱ አዞረና እያንዳንዷን ፊርማ በጣቱ እየነካ አነበበ። ከዚያ ክዳኖቹን ጠቅልሎ ገፋልኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ሳያየኝ ተናገረ፤ በአማርኛ። "ክሎሮፎርሙ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው እንዳትገልጠው። ዳሯ ነው መጀመሪያ የሚጠቁረው፤ መሃሉን ጠብቅ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሃያ ደቂቃ። ከጎኑ ስሙን ጻፍኩ፣ አቶ ኤርካሎ፣ ከዚያ ሰዓቴን አይቼ ወደ ላቦራቶሪው ወጣሁ።